ስድሳ አንደኛዋ

ደብሪቱ ናትናኤል በምትኖርበት ሕንፃ ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስሙን ሳይሆን የመውረጃ ቁጥሩን ነው። እሳት ቢነሳ ወይም ግድግዳ ቢሰነጠቅ ወደ ደረጃው የሚገባበት ተራ ማለት ነው። ሕፃን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ቁጥር ይሰጠዋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ከኋላው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ወደፊት ይጠጋሉ። ለቅሶ ደርሶ የሚመለሰው ጎረቤት በሆዱ ይህንኑ እያሰላ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚያነሳው ግን የለም።

በሰባተኛው ፎቅ ሰማንያ ሦስት ሰው ይኖራል። የሃምሳ አንድ ዓመቷ ደብሪቱ ሠላሳ አራተኛ ናት። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው እናቷ ወይዘሮ ቃልኪዳን ሰባ ዘጠነኛ ናቸው፤ ደንቡ እግሩ የዘገየውን ወደ መጨረሻ ያደርጋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልምምድ አለ። ሰዉ ጥርሱን እየፋቀ፣ ጸጉሩን እያበጠረ፣ አንዳንዱም ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ኮሪደሩ ላይ በየተራው ይሰለፋል። የደረጃው በር እያንዳንዱን ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆጠረ ያስገባል። ስድሳ ሲል ይዘጋል። ስድሳዎቹ ወርደው በታችኛው በር ሲወጡ የላይኛው እንደገና ይከፈትና የቀሩትን ያስገባል። ልጆች ይህንኑ ጨዋታ አድርገውታል፤ ስድሳ አንደኛ የሆነው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በሩ እስኪከፈት ሳይንቀሳቀስ መቆም አለበት።

በሩ ላይ ከነሐስ የተሠራች ትንሽ ሰሌዳ አለች። “የእልፍነሽ በር” ትላለች። በከተማዋ ባሉ ደረጃዎች ሁሉ ላይ ይህቺው ሰሌዳ አለች።

እልፍነሽ የደብሪቱ ታናሽ እህት ነበረች፤ ነርስ ነበረች። ልጆቹ ሲወለዱ የቅድመ አያቶችን ስም ማውጣት ፋሽን ስለነበር ነው እናታቸው እንዲህ የሰየሟቸው። በ2068 ዓ.ም. እልፍነሽ የምትኖርበት አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አንድ እሑድ ተሰነጠቀ፤ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደረጃው ጎረፈ። ደረጃው ከነሰዉ ተደረመሰ። መቶ አሥራ ስምንት ሰው ሞተ። መንግሥት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑ ሰባት ወር መረመረ፤ በመጨረሻም ከእንግዲህ በአንድ ጊዜ ከስድሳ ሰው በላይ ደረጃ ላይ እንዳይቆም የሚያደርግ አንቀጽ አወጣ። አንቀጹ በእልፍነሽ ስም እንዲጠራ ቤተሰቡን ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ፈርማ የሰጠችው ደብሪቱ ናት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። በነዚህ ዓመታት በከተማዋ ዘጠኝ ትልልቅ አደጋዎች ደርሰዋል። ደብሪቱ አንድ በአንድ ተከታትላቸዋለች። በዘጠኙም አንድ ሰው እንኳ ደረጃ ላይ አልሞተም። በልብስ ስፌት የምትተዳደር፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ይህን ግን ለደንበኞቿ ልብሳቸውን ስትለካ ትነግራቸው ነበር። ወይዘሮ ቃልኪዳን ደግሞ በበሩ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ሰሌዳዋን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ “እልፌ፣ አለሁ” ይላሉ፤ ያልፋሉ።

በ2081 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አያት ሰፈር ያለ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ተቃጠለ። ደብሪቱ ቀሚስ እየዘመዘመች ዜናውን ሰማች። አንባቢው በተለመደው እርጋታው “አርባ አንዱም ሟቾች የተገኙት በአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ፣ በእልፍነሽ በር ፊት ለፊት ነው” አለ። ከዚያ ስለ አየሩ ሁኔታ ተናገረ።

እናቷ ከመኝታ ክፍል “ስሟን ጠሩ እንዴ?” ብለው ተጣሩ።

“አዎ እማዬ።”

“ምን አሉ?”

ደብሪቱ የስፌት መኪናውን ማስኬድ ጀመረች፤ ድምፁ ጥያቄውን እንዲውጠው።

በአራተኛው ቀን ለእሳቱ ከተቋቋመው አዲስ መርማሪ ኮሚሽን አንድ ወጣት መጣ። ይስማው ይባላል፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። የቀረበለትን ውኃ በሁለት እጁ ተቀበለ።

“እናቴ፣ ሐዘኑ ለሁላችንም ነው” አለ። “አሁን ግን አንቀጹ ይሻር ብለው የሚጮሁ ተነስተዋል። አንቀጹ ከተሻረ ሰዉ እንደገና እየተጋፋ ደረጃው ላይ ሊያልቅ ነው። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።”

“ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?”

“በአደባባይ ምርመራው ላይ ቀርበው የሚያውቁትን ይናገሩ። በዘጠኝ አደጋ አንድም ሰው ደረጃ ላይ አልሞተም ይበሉ። በቃ። ሐሰት አይደለም።”

ሐሰት አልነበረም። ደብሪቱ እሺ አለች። ይስማው ሲወጣ የደረጃው በር ጋ ቆሞ ሰሌዳዋን አየ፤ “ትንሽ ልጅ ሆኜ ስሟን በትምህርት ቤት ነው የተማርኩት” አለ። ከልቡ ነበር።

ምርመራው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ሰው መጣ። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሁለቱም እጆቹ በፋሻ የተጠቀለሉ ሰው ነው። በሩን በክርኑ ነው ያንኳኳው። ሙዘሚል ሸኩር እባላለሁ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ ከተቃጠለው ሕንፃ ነው የመጣሁት አለ። ደብሪቱ ወንበር ሳበችለት። የተንጠለጠሉትን ያላለቁ ልብሶች ሲያይ ቆየ።

“ሊመሰክሩ እንደሆነ ሰማሁ” አለ በመጨረሻ።

“አዎ።”

“ልከለክልዎ አልመጣሁም። ያየሁትን ሰምተው እንዲመሰክሩ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ከዚያ ነገራት። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገውም።

“እኔ ስድሳኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ሰሚራ ስድሳ አንደኛ። ከዓመታት በፊት ቁጥራችንን እንቀያየር ብያት ነበር፤ ‘ስድሳና ስድሳ አንድ ምን ልዩነት አለው?’ ብላ ሳቀችብኝ። ያን ጠዋት የታችኞቹ ፎቆች ወርደው ሲያበቁ በተራችን ቆምን። ጢስ ገና ጣሪያው ላይ ነበር፤ ማንም አልተጋፋም፣ እንደ ልምምዱ ነው። እጇን ይዤ ነበር። በሩ ‘ስድሳ’ ሲል ለቀቀችኝ። ተዘጋ። ‘ሩጥ፣ ቶሎ ስትወጡ ቶሎ ይከፈትልናል’ አለችኝ። ሮጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ሮጥኩ።

“መንገድ ላይ ወጥተን ቆምን። ስድሳችንም። የሚወጣውን የሚቆጥረው፣ ታች ያለው መቁጠሪያ ግን በሙቀቱ ተበላሽቶ ነበር። እኛ ውጭ ቆመን እሱ ስድሳችሁም ደረጃው ላይ ናችሁ ይላል። የላይኛው በር አልተከፈተም። ሰዉ ሲጯጯህ እኔ ተመልሼ ወጣሁ።”

የተጠቀለሉ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

“ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ደረጃው ባዶ ነበር። ጢስ እንኳ አልገባበትም፤ ንጹሕ ነበር፣ መብራቱ በርቷል። በዚያ ባዶ ደረጃ ላይ ለብቻዬ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ወጣሁ። በሩን በእጄ መታሁት፣ በእግሬ መታሁት። ትኩስ ነበር። በዚያኛው በኩል ይስላሉ። በሩ ደግሞ ‘እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ፣ እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ’ ይላቸዋል፤ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ሰሚራ ‘ሙዜ፣ አንተ ነህ?’ አለች። ነኝ አልኳት። ‘አትሂድ’ አለችኝ። አልሄድኩም።”

ደብሪቱ እንባዋ መፍሰሱን ያወቀችው ጭኗ ላይ የነበረው ጨርቅ ሲረጥብ ነው።

“ይቅር በሉኝ” አለች።

“እርስዎ ምን አደረጉ? እህትዎ ሞተችብዎ፤ እርስዎ አዘኑ።” ቀና ብሎ አያት። “የዚያን ጊዜውን የምርመራ መዝገብ አንብበውታል?”

“ፈርሜበታለሁ።”

“አንብበውታል ወይ ነው ያልኩዎ።”

አላነበበችውም። ያኔ በቀረበላት ገጽ ላይ ፈርማ ወጣች እንጂ መቶ አርባ ገጽ ለማንበብ ልብ አልነበራትም።

“እኔ ሰሞኑን አነበብኩት። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?” አለ ሙዘሚል። “ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ይዩት።” ተነሳ፤ በፋሻ በተጠቀለለ እጁ ደረቱን ነካ አድርጎ ተሰናበታት።

መዝገቡን ማግኘት አልከበደም። ለማንም ክፍት ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍት ነበር። ደብሪቱ የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ከፍታ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በወደቀው ደረጃ አርማታ ውስጥ የተገኘው ፌሮ ከሚገባው ውፍረት ግማሹን ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥሎም በከተማዋ ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ የተሠሩ ሰባት መቶ ሃያ ስድስት ደረጃዎች መኖራቸውን ይዘረዝራል። ከዚያ ቀጥ አድርጋ ያቆመቻት ዓረፍተ ነገር መጣች፤ “እነዚህን ሁሉ አፍርሶ መሥራት አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ፣ በደረጃው ላይ የሚቆመውን ሰው ቁጥር መወሰን ተመራጭ ሆኗል።”

በመጨረሻው ገጽ ላይ የራሷ ፊርማ አለ። ቆንጆ አድርጋ ነው የፈረመችው።

ከሰዓት በኋላ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ቃልኪዳን አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት። ስለ ፌሮው ምንም አላሉም።

“ይህን ብትናገሪ ስሟን ያነሱታል?” አሉ።

“ያነሱታል እማዬ።”

“ከሁሉም በር?”

“ከሁሉም።”

አሮጊቷ ተነፈሱ። “ከዚያ ፍርስራሽ ያወጡልኝ አንድ እግር ጫማዋን ነው። መቃብሯ ውስጥ የተኛው ጫማ ነው። ይህን ታውቂያለሽ። እኔ ልጄን የማናግረው በሩ ጋ ነው።”

“እማዬ፣ አርባ አንድ ሰው...”

“ሰምቻለሁ። ጆሮዬ አልደነቆረም።” ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። “አትሂጂ አልልሽም። ሂጂም አልልሽም። እኔን አትጠይቂኝ፣ ደብሬ። ይህን አትጠይቂኝ።”

ምርመራው የተካሄደበት አዳራሽ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። ዘጠኝ የኮሚሽኑ አባላት ከፍ ብሎ በተሠራ መድረክ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ብዕራቸውን ከወረቀቱ ጫፍ ጋር አስተካክለው የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። ከፊት ወንበሮች ላይ የሟቾች ቤተሰቦች ነበሩ። አዳራሹ ሲገቡ ሁሉም በየተራ ተቆጥረዋል። ይስማው ከጎን ቆሞ ደብሪቱን በአንገቱ ሰላም አላት።

ሰብሳቢዋ “ምስክሯ ስለ አንቀጹ የሚያውቁትን ይንገሩን” አሉ።

“በዘጠኝ አደጋ አንድም ሰው ደረጃ ላይ አልሞተም” አለች ደብሪቱ። ድምፅ ማጉያው ድምፅዋን የሌላ ሰው አደረገባት። “ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፤ ላንብበው።”

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ፌሮው ግማሽ እንደነበረ አነበበች። ሰባት መቶ ሃያ ስድስቱን ደረጃዎች አነበበች።

“ምስክሯ፣ የዛሬው ምርመራ የበሩን አሠራር ብቻ ነው የሚመለከተው” አሉ ሰብሳቢዋ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ማስታወስ አድርገው።

“አውቃለሁ። እኔም አሥራ ሦስት ዓመት በሩን ብቻ ነበር የማየው።” ወረቀቱን መድረኩ ላይ አስቀመጠችው። “እህቴን የገደላት የሰው መብዛት አይደለም። ሰው ቤቱ ሲሰነጠቅበት በደረጃ ይወርዳል፤ ደረጃ የሚሠራው ለዚህ ነው። እህቴን የገደላት ደረጃው ነው። እናንተ ደረጃውን መሥራት ሲያቅታችሁ በር ሠራችሁለት። በሩ ላይ ደግሞ የእህቴን ስም ለጠፋችሁበት፤ እኔ ፈቀድኩላችሁ። የነዚህ ሰዎች ወገኖች በእሷ ስም ፊት ሞቱ። ስሟን አንሱልኝ። በሩን አንሱት። ደረጃውን ሥሩት።”

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከኋላ አንድ ሰው “ደረጃውን ሥሩት!” አለ፤ ሌሎች ተቀበሉት። ሙዘሚል ቆሞ ነበር። ሰብሳቢዋ ጩኸቱ እስኪበርድ በትዕግሥት ጠበቁ።

“ተመዝግቧል” አሉ። “ቀጣይ ምስክር።”

ደብሪቱ ስትወጣ ይስማው ኮሪደሩ ላይ ተከተላት። ፊቱ ገርጥቷል። “ያንን ገጽ አላውቀውም ነበር፣ እናቴ” አላት። “ይመኑኝ።” አመነችው። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ፣ ምናልባት አንድ ነገር ይለወጥ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተስፋ የሚባለውን ነገር ደረቷ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሰማችው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ኮሚሽኑ ውጤቱን በአደባባይ አነበበ። ደብሪቱና ሙዘሚል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙት። የደረጃዎቹ ጥንካሬ ወደፊት እንዲጠና ተወስኗል። ታች ያለው መቁጠሪያ ሙቀት በሚችል ይተካል። የእልፍነሽ ስም በቤተሰብ ጥያቄ መሠረት ይነሳል። ስድሳው ስድሳ ሆኖ ይቀጥላል። በአያት ሰፈሩ አደጋ አሥራ ሁለት ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በበሩ መለያየታቸውን ኮሚሽኑ በከባድ ሐዘን ስለተመለከተ፣ ከእንግዲህ ቤተሰብ በአንድ ላይ ይወርዳል። የመውረጃ ቁጥር ለሰው መሰጠቱ ቀርቶ ለቤተሰብ ይሰጣል። በሩ የአንድን ቤተሰብ አባላት በሙሉ ፊቱ ቆመው ሳያይ አያስገባም።

አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ደብሪቱም እናቷ ከእሷ ጋር እንደሚወርዱ ወዲያው ገባት፤ ሰባ ዘጠነኛ መሆናቸው ሊቀር ነው። ለአንድ አፍታ ልቧ ደስ አለው። ደስ በማለቱ አፈረች። ከዚያ ከጎኗ ሙዘሚል በለሆሳስ “አንዱ ቤት ውስጥ ባይኖርስ?” ሲል ሰማችው።

ዘወር ብላ አየችው። ተነሳች።

“አንዱ ውጭ ቢሆንስ?” ብላ ወደ መድረኩ ጮኸች። “ልጁ ትምህርት ቤት ቢሆን፣ ባልየው ሥራ ቢሆን በሩ ማንን ይጠብቃል?”

ሰብሳቢዋ ወደ ጎረቤታቸው አባል ጎንበስ ብለው ተነጋገሩ። ከዚያ ቀና አሉ።

“ጠቃሚ አስተያየት ነው። በሚቀጥለው ማሻሻያ ይታያል።”

በሚቀጥለው ሳምንት ሠራተኞች ሰሌዳዋን ከሰባተኛው ፎቅ ሊነቅሉ መጡ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ወይዘሮ ቃልኪዳን ያን ቀን ከአልጋቸው አልተነሱም፤ ደብሪቱ ሾርባ ይዛላቸው ስትገባ ማንኪያውን ተቀብለው አስቀመጡት። “ሠርተሽልኛል ወይስ ሠርተሽብኛል፣ እኔ አላውቅም” አሏት። “አንቺም አታውቂም።” ከዚያ እጇን ይዘው አቆዩዋት።

አዲሱ አንቀጽ ስም ያስፈልገው ነበር። ስም የሌለውን አንቀጽ ሰው አያከብረውም ተብሎ በጥናት ተረጋግጧል። ይስማው ሙዘሚል ወደሚሠራበት ዳቦ ቤት ሄደ። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ የሰሚራን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ጠየቀው። ሙዘሚል ፋሻው ገና ተፈትቶለት ነበር፤ አዲስ የወጣው ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ቀይ ነው። ሊጡን እያሸ “ሚስቴ በር አይደለችም” አለው። ይስማው ቆመ፤ ምናልባት እሱም ያንን መልስ ፈልጎ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌሎቹ ቤተሰቦች ሌላ ሰው ላከ። በሦስተኛው ቀን ፈቃደኛ ተገኘ።

ሲፈን ቶለሳ ትባላለች፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ስድሳ አራተኛ፣ እናቷ ስድሳ አምስተኛ ነበሩ። ቤታቸው ስለተቃጠለ፣ ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ አስጠግተዋታል። ደብሪቱ ይህን ከሙዘሚል ስትሰማ በማግስቱ ጠዋት ተነስታ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። ስለ ፌሮው፣ ስለ ባዶው ደረጃ፣ ስለ ፊርማ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ይዛ ነበር የሄደችው።

ሲፈን ጥቁር ሰሌዳው ሥር በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ቀጭን፣ ዓይኖቿ ያበጡ፣ ጸጉሯን ካበጠረች የሰነበተች ልጅ ናት። ደብሪቱ ማን እንደሆነች ስትነግራት ተነስታ አቀፈቻት። እንዲህ ያለ አቀባበል አልጠበቀችም።

“እትዬ፣ ስለ እርስዎ አስቤ ነው የፈረምኩት” አለች ሲፈን። “ሰዉ ሁሉ ‘ተይ’ ሲለኝ፣ የእልፍነሽ እህት ፈርመው የለም ወይ ብዬ። የእናቴ የልኬ ስም በየበሩ ይሆናል ማለት ነው። የቶለሳና የልኬ በር። ሁለቱንም አድርጉልኝ ብዬ እሺ አሉኝ።” በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። “ፈርሜ ስወጣ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ በላሁ። እርስዎም ቀልሎዎት ነበር?”

ደብሪቱ ያዘጋጀችውን ሁሉ ተወችው።

“ቀልሎኝ ነበር” አለች።

“ለብዙ ጊዜ?”

“አሥራ ሦስት ዓመት።”

ሲፈን ይህን እንደ መልካም ዜና ተቀበለችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በግቢው ውስጥ ለተፈናቃዮቹ ቁርስ የሚያድሉ ሰዎች ስም ይጠራሉ።

“እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው” አለች ሲፈን። “ይህ አንቀጽ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ አባዬና እማዬ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር፤ አብረው ይገቡ ነበር። ይወጡ ነበር፣ አይደል እትዬ?”

ደብሪቱ አዎ ልትላት አፏን ከፈተች። ከብዙ ነገር የሚያሳርፍ ትንሽ ቃል ነው። ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር።

“ያን ጠዋት አንቺ የት ነበርሽ፣ የኔ ልጅ?” አለቻት።

“ሥራ ነበርኩ። ማልጄ ነው የወጣሁት፤ እማዬ በር ድረስ ሸኝታኝ...”

ሲፈን እዚህ ላይ ቆመች። ደብሪቱ ዓይኗን ከልጅቷ ፊት አልነቀለችም። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት መጣ፤ ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ፣ ምንም የሚያቆመው ሳይኖር፣ ገባ።

“ቤተሰቡ ካልተሟላ አይከፍትም” አለች ሲፈን።

“አይከፍትም።”

“ሦስት ነን። ሦስት ተብለን ነው የተመዘገብነው።” ድምፅዋ እየጠፋ ሄደ። “እትዬ፣ በሩ እኔን ይጠብቅ ነበር።”

ደብሪቱ ልጅቷ ከፍራሹ ላይ ሳትወድቅ ያዘቻት። ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሁለቱንም ክንዶቿን ዙሪያዋ አጥብቃ ይዛት ቆየች። ውጭ የሚጠራው ሰው የሲፈንን ስም ሁለት ጊዜ ጠራና ሳይመለስለት ሲቀር ወደሚቀጥለው አለፈ።

አንቀጹ በማግስቱ ጸና።